በባሕር ዳር ሆኖ በኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ የዶክትሬት ጥናት መጀመር፦ የመጀመሪያው ዓመት አሠራር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳር ተቀምጠው በኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ (የሕያዋንን ዳታ በኮምፒውተር ስሌት በሚመረምረው መስክ) የሦስተኛ ዲግሪ ጥናት ለጀመሩ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ወደዚህ መስክ የሚገቡት አብዛኞቹ ከሁለት ወገን ይመጣሉ፤ ባዮሎጂ፣ ግብርና ወይም ሕክምና ተምረው ኮድ መጻፍ ያልለመዱ አሉ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ስታቲስቲክስ ተምረው በሕዋስ ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ ያላጠኑም አሉ። የሥራው ቅደም ተከተል ለሁለቱም አንድ ነው፤ የሚለያዩት የትኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ እንደሚወስድባቸው ነው። መመሪያው የቆመበት ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው፦ የጥናቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በነጻ የመረጃ ቋቶች አስቀድሞ በተቀመጠ ዳታ፣ በመካከለኛ ላፕቶፕ፣ ከባሕር ዳር ሳይወጡ ሊሠራ የሚችል መሆን አለበት። የመስክ ናሙናና የውጭ አገር ሲክዌንሲንግ (የዲኤንኤን ፊደላት በማሽን ማንበብ) ከዚያ በኋላ ይምጡ። መንገድ ቢዘጋ፣ በጀት ቢዘገይ ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ ጥናቱ ጨርሶ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ከመሣሪያው በፊት መምረጥ

በዚህ መስክ በብዛት የሚታየው ስሕተት መሣሪያ ይዞ ጥያቄ ፍለጋ መውጣት ነው። «በማሽን ለርኒንግ አንድ ነገር እሠራለሁ» ብሎ የተነሣ ተማሪ ሞዴሉ ጥሩ ውጤት ቢያሳይለት እንኳ፣ ባዮሎጂስቱ «ታዲያ ምን ዐወቅን?» ሲለው መልስ ያጣል። ስለዚህ ጥያቄዎን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከሥሩም የትኛው ውጤት ቢገኝ ግምትዎ ውድቅ እንደሚሆን ያስፍሩ። ግምቱን ውድቅ የሚያደርግ ውጤት ሊታሰብ ካልቻለ ጥያቄው ገና አልጠራም።

በጣና ዳርቻ ለሚኖር ተመራማሪ የጥያቄ እጥረት የለበትም። ላቤኦባርበስ የሚባሉት፣ በአካባቢው ነጭ ዓሣ በሚል ስም የሚታወቁት የሐይቁ ዓሦች በአፋቸው ቅርጽ፣ በሰውነታቸውና በአመጋገባቸው ተለይተው 15 ያህል ዝርያዎች ተብለው ተገልጸዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ዓሦቹ በመልክ የተለያዩትን ያህል በጂኖምም (በጠቅላላው ዲኤንኤያቸው) ተለያይተዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ለዶክትሬት የሚበቃ ነው። ሆኖም አንድ ከባድ እንቅፋት አለው፤ ዓሦቹ እንደ ሰው ሁለት ሳይሆን ስድስት የክሮሞሶም ስብስብ፣ በጠቅላላው 150 ገደማ ክሮሞሶም አላቸው። በሰፊው የሚሠራባቸው የልዩነት መለያ ሶፍትዌሮች ደግሞ ካልተስተካከሉ በስተቀር ሁለት ስብስብ እንዳለ ቆጥረው ስለሚያሰሉ፣ በእነዚህ ዓሦች ላይ እንዳሉ ቢሠሩባቸው የተሳሳተ ጄኖታይፕ (በአንድ ቦታ ላይ ያሉትን የዲኤንኤ ፊደላት ዝርዝር) ያወጣሉ። ስታቲስቲክስ ለሚወድ ተማሪ ይህ እንቅፋት ራሱ የጥናት ርዕስ ይሆነዋል። ለጀማሪ ባዮሎጂስት ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ምዕራፍ መሆን የለበትም።

ጤፍም ጥሩ አማራጭ ነው። የመጀመሪያው የጂኖም ረቂቁ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል፤ በክሮሞሶም ደረጃ የተገጣጠመው የተሻለው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ሁለቱንም ማንም ሰው ሊያወርዳቸው ይችላል። ጤፍ ከሁለት ቅድመ አያቶች የተወረሱ አራት የክሮሞሶም ስብስቦች ያሉት በመሆኑ ተመሳሳይ ጂኖችን መለየት ጥንቃቄ ቢጠይቅም፣ የሁለቱ ቅድመ አያቶች ድርሻ ተለይቶ ስለታወቀ ሥራው ከዓሦቹ ይቀላል።

እምቦጭን በተመለከተ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይበጃል። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተነገረ ወዲህ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ተማሪዎች የጂኖም ጥናት ሊሠሩበት ያስባሉ። ነገር ግን እምቦጭ ከትውልድ አገሩ ከደቡብ አሜሪካ ውጭ የሚስፋፋው በአብዛኛው ከእናት ተክሉ በሚወጡ ቅጥያዎች በመሆኑ፣ በወረራቸው አገሮች ያለው የዘረመል ልዩነት እጅግ አነስተኛ ነው። «በጣና ያለው እምቦጭ ስንት የዘር ቡድን አለው?» ብሎ የተነሣ ጥናት ከብዙ ወጪ በኋላ «አንድ» በሚል መልስ ሊያበቃ ይችላል። በአረሙ ሥር ላይ የሚኖሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ይልቅ የተሻለ ተስፋ ያለው ይመስለኛል።

ለመጀመሪያው ምዕራፍ እኔ የምመክረው የቲቢ ባክቴሪያን ነው። የባክቴሪያው ጂኖም 4.4 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ ያሉት፣ አንድ ቅጂ ብቻ የያዘና ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር ዘረመል የማይለዋወጥ ነው ለማለት የሚያስደፍር በመሆኑ ስሌቱ ቀጥተኛ ነው። ከዚህም በላይ ጉዳዩ የቅርባችን ነው፤ ሰባተኛው የዘር ሐረግ በመባል የሚታወቀውና በተመራማሪዎች ከተገለጸ ገና ከአሥር ዓመት ብዙም ያላለፈው የባክቴሪያው ቅርንጫፍ በዓለም ላይ በዋናነት የሚገኘው በኢትዮጵያ፣ በተለይም በሰሜኑ ክፍል ነው። ከኢትዮጵያ ሕሙማን የተገኙ ሲክዌንሶችም በነጻ ቋቶች ተቀምጠዋል።

ሁለተኛ፦ ሁለት አማካሪ መያዝ

አንዱ አማካሪ ጥያቄው የሚነሣበትን ሕያው ነገር፣ ሌላው ስሌቱን የሚያውቅ ይሁን። ሁለቱንም በደንብ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ መልካም ነው፤ ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂው ፔዳ፣ ኮምፒውተሩ ፖሊ፣ ግብርናው ዘንዘልማ ስለሆነ አማካሪዎቹ በአንድ ግቢ ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሁለቱም በአንድ ላይ የሚቀመጡበትን ቀን ከመጀመሪያው ያስወስኑ። ተማሪው ለየብቻ እየተመላለሰ መልእክት የሚያደርስ ከሆነ ባዮሎጂስቱ ያልፈቀደው ግምት በስሌቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በጽሑፎች ላይ የማን ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ጉዳዩ ሲነሣ ያሳፍራል፤ ዳታው ከተተነተነ በኋላ ሲነሣ ግን ያጣላል።

ሦስተኛ፦ ኮምፒውተሩንና መስመሩን ማዘጋጀት

ለመጀመሪያው ምዕራፍ 16 ጊጋባይት ራምና ፈጣን ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ሊኑክስ ይጫኑበት፤ ዊንዶውስን መተው ካልፈለጉ በውስጡ ሊኑክስን የሚያስኬደውን ደብልዩኤስኤል ይጠቀሙ። አዲስ የተክል ወይም የዓሣ ጂኖም መገጣጠም ግን በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ራም ሊጠይቅ ስለሚችል በላፕቶፕ አይሞከርም።

በመካከል ላለው ሥራ ጋላክሲ የተባለውን ነጻ መድረክ እመክራለሁ። ጋላክሲ በብራውዘር የሚሠራ ሲሆን ስሌቱ የሚካሄደው በውጭ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ነው፤ ሥራውን ልከው ባለበት መብራት ቢጠፋ ስሌቱ አይቆምም፤ መስመሩ ሲመለስ ገብተው ውጤቱን ያገኙታል። በተቋም ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ከሆነም ቲመክስ ወይም ስክሪን የተባሉትን ትናንሽ ፕሮግራሞች ይልመዱ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም የጀመሩት ሥራ በሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል።

ዳታ ሲያወርዱ ከተቋረጠበት መቀጠል የሚችል ፕሮግራም ይምረጡ፤ ዊጌት ይህን ያደርጋል። ማውረዱን መስመሩ ቀለል በሚልበት ሌሊት ያድርጉት። ፋይሉ ሲጠናቀቅ ቋቱ ካስቀመጠው የኤምዲ5 ቁጥር (ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ከሚያሳየው መለያ) ጋር ሳያመሳክሩ ወደ ሥራ አይግቡ። ተቆርጦ የወረደ ፋይል አንዳንዴ ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይሠራል፤ ውጤቱ ግን ጎዶሎ ይሆናል። ጥሬውን ዳታ ለንባብ ብቻ ክፍት አድርገው ይቆልፉት፤ አንድ ቅጂ በላፕቶፑ፣ አንድ በውጫዊ ዲስክ፣ አንድ ደግሞ በሌላ ሕንፃ ይኑርዎት።

የፕሮግራም ቋንቋን በተመለከተ፣ የሊኑክስን የትእዛዝ መስመር በመጀመሪያ ይማሩ፤ ቀጥሎ ከፓይተንና ከአር አንዱን ብቻ ይምረጡ። ስታቲስቲክስ የሚበዛበት ሥራ ወደ አር፣ ፋይል ማዘጋጀትና ሞዴል መሥራት የሚበዛበት ወደ ፓይተን ያደላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጀመር ሁለቱንም ሳይይዙ መቅረትን ያመጣል። ለልምምድ ሮዛሊንድ የተባለው የጥያቄዎች ስብስብና የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ኢንስቲትዩት የኦንላይን ሥልጠናዎች በነጻ ይገኛሉ።

አራተኛ፦ የታተመ ሥራን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መድገም

የመጀመሪያው ዓመት ዋና ሥራ ይህ ነው፤ ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚገባው ለእርሱ ነው። በኢትዮጵያ የቲቢ ባክቴሪያዎች ሙሉ ጂኖም ላይ የተሠራና የዳታ መለያ ቁጥሮቹን ያስቀመጠ አንድ ጥናት ይምረጡ። ከናሙናዎቹ 20 ወይም 30 ያህሉን ያውርዱ፤ የተለያየ የዘር ሐረግ ያላቸው፣ በተለይም የአራተኛውና የሰባተኛው ሐረግ ናሙናዎች መካተታቸውን ያረጋግጡ። ጂኖሙ ትንሽ ስለሆነ አንዱ ናሙና በጥቂት መቶ ሜጋባይት ያልቃል።

ቀጥሎ የንባቦቹን (ማሽኑ ያነበባቸውን አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ጥራት ፋስትኪውሲ በተባለው ፕሮግራም ይመልከቱ፤ ጥራታቸው የወረዱ ጫፎችንና የተረፉ አዳፕተሮችን (ለማንበብ ሲዘጋጅ ከዲኤንኤው ጋር የተያያዙ ሰው ሠራሽ ቅንጣቢዎችን) ይቁረጡ። ከዚያ ንባቦቹን ቢደብልዩኤ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት፣ ሙሉ ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመውና ኤች37አርቪ በተባለው ማጣቀሻ (ሌሎቹ በሚነጻጸሩበት የቲቢ ባክቴሪያ ጂኖም) ላይ ያሰልፉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ቁጥሮችን ሳያዩ አይለፉ፤ ከንባቦቹ ስንት በመቶው በማጣቀሻው ላይ እንደተሰለፈና እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተነበበ። የተሰለፈው በመቶኛ ዝቅ ካለ ናሙናው ከሌላ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳይመረምሩ ቢቀጥሉ የሌላው ባክቴሪያ ፊደላት የቲቢው ልዩነት መስለው ይቆጠራሉ።

ናሙናዎቹ ከማጣቀሻው የሚለዩባቸውን ቦታዎች ቢሲኤፍቱልስ በተባለው ፕሮግራም ካወጡ በኋላ ማጣራት ይከተላል። ፒኢ እና ፒፒኢ የተባሉት የጂን ቤተሰቦች ከጂኖሙ አንድ አሥረኛ ያህሉን የሚይዙና ተደጋጋሚ ቅደም ተከተል ያላቸው በመሆናቸው አጫጭር ንባቦች በትክክለኛ ቦታቸው አይቀመጡባቸውም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ጥናቶች እነዚህን ክፍሎች ይሸፍኗቸዋል። የተረፉትን የአንድ ፊደል ልዩነቶች ይዘው አይኪው ትሪ በተባለው ፕሮግራም የዝምድና ዛፉን ይሥሩ፤ ቲቢ ፕሮፋይለር የተባለው ፕሮግራም የሚሰጠውን የዘር ሐረግ ከዛፉ ጋር ያመሳክሩ።

ዛፉ ከታተመው ጋር መምሰሉ አይቀርም፤ በናሙናዎች መካከል ያለው የልዩነት ቁጥር ግን እኩል አይመጣም። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። በቲቢ ጥናት በሁለት ሕሙማን ባክቴሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ12 ፊደል ከበለጠ በቅርብ ጊዜ አንዱ ከሌላው ተይዟል ተብሎ አይታሰብም፤ 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ የቅርብ መተላለፍ ይጠረጠራል። የማጣሪያውን አንድ ቁጥር ሲቀይሩ ርቀቱ ከ14 ወደ 9 ቢወርድ፣ ማን ከማን ተያዘ የሚለው ድምዳሜ አብሮ ይቀየራል። እንግዲህ እያንዳንዱን ማጣሪያ አንድ በአንድ እየቀየሩ የትኛው የትኛውን ውጤት እንደሚያንቀሳቅስ በሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ይህ ሠንጠረዥ በደንብ ከተሠራና ናሙናዎቹ ከበዙ በራሱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። ኮድ የማይከብዳቸው የኮምፒውተር ተማሪዎች እዚህ ላይ መቸኮል ይወዳሉ፤ እነርሱ ግን ጊዜ ወስደው ባክቴሪያው በሳንባ ውስጥ እንዴት እንደሚኖርና ለምን በዝግታ እንደሚለወጥ ሊያነቡ ይገባል።

አምስተኛ፦ መዝገብ መያዝ

የሞታ ዋሻ ታሪክ ለዚህ ደረጃ በቂ ማስረጃ ነው። በጋሞ ደጋማ አካባቢ በሚገኘው በዚህ ዋሻ የተቀበረ፣ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሰው ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንስ መጽሔት ሲታተም፣ ከምዕራብ ዩሬዥያ የተመለሱ ሰዎች ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቶ ይገኛል የሚል ሰፊ ድምዳሜ አብሮ ወጥቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ። ከአንዱ ሶፍትዌር የወጣው ፋይል ለሌላው እንዲስማማ የሚያደርገው የመለወጫ ደረጃ ባለመከናወኑ፣ የሞታው ሰው ከማጣቀሻው ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች ከስሌቱ ወጥተው ነበር። ጂኖሙ ትክክል ነበር፤ ዘሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሷል የሚለውም ቆሟል፤ የተነሣው «በመላው አፍሪካ» የሚለው ነው። ተመራማሪዎቹ ዳታውንና አሠራሩን ለሌሎች ባይከፍቱ ኖሮ ስሕተቱ መገኘቱ ያጠራጥራል።

ስለዚህ ሁሉንም ኮድ የኮድን ለውጦች በሚመዘግበው ፕሮግራም በጊት ያስቀምጡ። የእያንዳንዱን ሶፍትዌር ስሪት፣ ሶፍትዌሮችን ከነስሪታቸው በሚጭነው በኮንዳ ፋይል ይመዝግቡ። ደረጃዎቹ ሲበዙ የሥራ ደረጃዎችን በቅደም ተከተል በሚያስኬዱት በስኔክሜክ ወይም በኔክስትፍሎው ያያይዟቸው፤ ያኔ አንዱ ደረጃ ሲዘለል ፕሮግራሙ ራሱ ይነግርዎታል። የጂን ዝርዝሮችን በኤክሴል ከፍቶ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይልመድብዎ። ኤክሴል ማርች1 የሚለውን የጂን ስም የመጋቢት ወር ቀን አድርጎ ይለውጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለባቸው አሳይቷል። በመጨረሻም የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የጂኖቹን ስም ለወጠ፤ ሶፍትዌሩ እስኪስተካከል ከመጠበቅ ስሙን መለወጥ ቀሎት መሆኑ ነው።

ስድስተኛ፦ ናሙናው ሳይሰበሰብ ስታቲስቲክሱን መወሰን

ሁለት ነገሮችን ብቻ ላንሣ። 20,000 ጂኖች ላይ እያንዳንዳቸውን በ0.05 ወሰን (ልዩነት ሳይኖር በአጋጣሚ «አለ» የማለት ዕድሉ 5 በመቶ በሆነበት) ቢፈትኑ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ 1,000 ያህሉ «ልዩነት አለ» ይላሉ፤ ስለዚህ ለብዙ ፈተናዎች የሚደረገውን እርማት በፕሮፖዛሉ ውስጥ ይጻፉ። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፤ ከተበላሸ በኋላ የሚያቃናው ስሌት የለምና። የጉማራ ወንዝ ዓሦች በአንድ ዙር፣ የመገጭ ዓሦች በሌላ ዙር ሲክዌንስ ቢደረጉ፣ የሚታየው ልዩነት የወንዙ ይሁን የማሽኑ ዙር ማንም ሊለየው አይችልም። ከሁለቱም ወንዞች የመጡትን በየዙሩ ቀላቅሎ መላክ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሰባተኛ፦ ፈቃዱንና የመስኩን ወቅት ማገናኘት

የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ለምርምር መውሰድና ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚገዛ ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለሲክዌንሲንግ ወደ ውጭ የሚላክ ዲኤንኤም ቢሆን ያለዚህ ፈቃድ እንደማይወጣ አድርገው ያቅዱ። ከሰው የሚገኝ ናሙና ወይም የሕሙማን መረጃ ካለበት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይመለከተዋል። በነጻ ቋት የተቀመጠ የቲቢ ሲክዌንስ ሲጠቀሙም የዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ ቢሮ ጥናቱ ከሥነ ምግባር ፈቃድ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ዓሦቹ ወደ ወንዝ የሚወጡት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ የመስከረም በጀት ሲለቀቅ ግዢ የጀመረ ተማሪ ወቅቱ ያመልጠዋል። ስለዚህ የፈቃድ ማመልከቻውን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ያስገቡ። ከእያንዳንዱ ዓሣ ትንሽ የክንፍ ቁራጭ ተቆርጦ በ95 በመቶ ኢታኖል ይቀመጣል፤ ቁራጩ ከመወሰዱ በፊት ግን ዓሣው ከመለኪያ ጋር ከጎኑ ፎቶ ይነሣ፤ የዝርያውን ስምም ዓሣውን በመልክ የሚያውቅ ባለሙያ ይስጠው። በኋላ ከፎቶ ብቻ መለየት ያከራክራል። በቱቦው ውስጥ የሚገባውን መለያ ወረቀት በእርሳስ ይጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለምን ኢታኖል ያጥበዋል።

ኢታኖሉ፣ ቱቦዎቹና የፈቃድ ደብዳቤው ሰኔ ሳይገባ በእጅዎ ካልገቡ በዚያ ዓመት ናሙና ለመሰብሰብ አይሞክሩ። የዓሦቹን ምዕራፍ በፕሮፖዛሉ መጨረሻ ላይ አስቀምጠው፣ በቲቢው ዳታ የተሠራውን ምዕራፍ ለመከላከያ (ለዲፌንስ) ያቅርቡ፤ መስኩን ወደ ቀጣዩ ክረምት ያዛውሩት።